ሁለቱንም የሚያደርስ ጥርስ

ከተማው ውስጥ ዕቃና መልእክት በሞተር ከሚያደርሱት መካከል «ምላጭ» የምትባል ሴት ነበረች። ስሙን ያወጡላት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው፤ በሁለት መኪና መካከል ሰንጥቃ ስታልፍ አይተው ነው ይላሉ። ምላሷን የቀመሱት ግን ሞተሩ ሰበብ ነው ባይ ናቸው።

ታላቅ ወንድሟም ቅጽል ስም ነበረው፤ «ሰባት» ይሉታል። ከቀኝ እጁ ሦስት ጣት ስለጎደለ ነው። ሰው ሲጠራው እሱ «አቤት» ይላል፤ እሷ ግን በሰማች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። ይህን ስም ያወጣለት ጣቶቹን ያሳጣው ሰው ራሱ ነዋ!

ሰውዬው ባዕድ አይደለም፤ የአክስታቸው ልጅ ነው። ሦስቱም አንድ ግቢ ውስጥ አድገዋል፣ አንዱ የሌላውን ጫማ አድርጎ ትምህርት ቤት ሄዷል። ከልጅነቱ ጀምሮ ከመስታወት ፊት ስለማይጠፋ «ቄንጠኛው» ተባለ። ሁለቱ ወንዶች ሲጎረምሱ በሽርክና የሞተር ሳይክል ጋራዥ ከፈቱ። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ያወራል። ደንበኛው በወሬው እየመጣ በሥራው ይረካ ስለነበር ሽርክናው መጥፎ አልነበረም።

አንድ ቀን ምላጭ ለወንድሟ ምሳ ይዛ ሄደች። ገና ተማሪ ነበረች። ከበሩ ስትደርስ ወንድሟ አንድ ትልቅ ሞተር የኋላ ጎማውን በማቆሚያ ከመሬት አንሥቶ፣ ቁጢጥ ብሎ ጎማውን የሚያዞረውን ካቴና በጨርቅ ይወለውላል። ቄንጠኛው ኮርቻው ላይ ፊጥ ብሏል። ሞተሩን አስነሥቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ጎማው እንዳይዞር ፍሪሲዮኑን በግራ እጁ ጨብጦ ጋዝ እየሰጠ ድምፁን ያዳምጣል።

«ኧረ እጄ እዚህ ነው» አለ ወንድሟ።

«አንተ ጥረግ፤ ጨብጬዋለሁ፣ አይዞህ» አለው።

በዚህ መሃል አንድ ወዳጁ በመንገዱ አለፈ። ቄንጠኛው ሰላም ሊለው እጁን አነሣ። ያነሣው የግራ እጁን ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምላጭ ከእናቷ በቀር ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ጨርቁ ከወንድሟ እጅ ጋር ካቴናው ውስጥ ሲጠቀለል ያየችው እሷ ብቻ ናት። ቄንጠኛው ግን ለጎረቤቱም ለሐኪሙም ለእናቱም አንድ ዓይነት ነገር ተናገረ፦ «እኔ አልነበርኩም። ብቻውን አስነሥቶ ሲጠርግ፣ በራሱ ቸልተኝነት ነው።» የነምላጭ እናት ሁለቱን ልጆቿን ጠርታ እውነቱን ሰማች፤ ሰምታም አለቀሰች። አክስታቸው በዚያን ጊዜ የልብ ሕመምተኛ ነበሩ፤ ያላቸውም ያ አንድ ልጅ ነው። «እህቴን እንዳትገድሉብኝ፤ ሆድ ይፍጀው» አለቻቸውና ቃል አስገባቻቸው። ወንድምየው ጋራዡን ለቆ፣ በግራ እጁ መሥራት ለምዶ፣ የራሱን ትንሽ የቶርኖ ቤት ከፈተ። ቄንጠኛው ጋራዡን ብቻውን ያዘ፣ አሰፋ፣ በየዓመቱ በአሮጌው የአውሮፕላን ማኮብኮቢያና በዙሪያው ባሉት ጠማማ መንገዶች ላይ በሚደረገው የሞተር እሽቅድድም ማሸነፍ ጀመረ። አንድ ቀን ሞቅ ሲለው ወንድሟን ከሩቅ አይቶ «ሰባት!» ብሎ ተጣራ። ሰው ሳቀ፤ ስሙም በዚያው ቀረ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ቤት ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። የተወጋው የረሳ ሲመስል ያልረሳችው እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት ከቀብር እንደተመለሱ «ቃሉ ለእሷ ነበር» አለችው ወንድሟን፤ «አሁን ቃሉም ተቀበረ።»

ከዚያ በኋላ ተጋጭቶ የተጣለ ባለ ሺ ሲሲ ሞተር ገዛች። ወንድሟ ምን እንዳሰበች አላጣውም፤ ቢሆንም ብረት ተጣሞ ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። እየተነጫነጨ አቀናው። የቀረው ካቴናውና ካቴናው የሚሄድባቸው ሁለት ባለ ጥርስ ክቦች ነበሩ፤ አንዱ ከሞተሩ አጠገብ ያለው ትንሹ፣ ሌላው የኋላ ጎማው ላይ ያለው ትልቁ። ያረጁ ጥርሶች ሹል ሆነው ወደ አንድ ወገን ተጋድመዋል። ወንድሟ በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸውና «ሦስቱም አብረው ይቀየራሉ» አለ። «ያረጀ ጥርስ አዲስ ካቴና ይበላል።»

መለዋወጫ ሱቅ አብረው ሄዱ። ባለሱቋ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ቀልድ የማታልፋት ሴት ናት። «ካቴና እፈልጋለሁ» ስትላት «የሞተር ነው የሰው? ለባልሽ ከሆነ የእጅ ካቴና ፖሊስ ጋ ነው» አለቻት።

«ባል የለኝም፤ ቢኖረኝም ሮጬ እይዘዋለሁ» አለች ምላጭ።

ባለሱቋ እየሳቀች ጠረጴዛው ላይ ደረደረችላቸው። ፋብሪካው የገጠመው ዓይነት ሰፊና ከባድ ካቴና አለ፤ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ሞተሩ ግን እሱን ለማዞር ብቻ ጉልበት ይጨርሳል። ጠበብ ያለ፣ ቀላል የእሽቅድድም ካቴናም አለ፣ በየመጋጠሚያው ቅባቱን የሚይዝ ትንሽ የጎማ ቀለበት ያለው። ጥርሶቹም እንደዚያው ናቸው፤ ቀላሉ አሉሚኒየም፣ ከባዱ ብረት። ወንድሟ ጠባቡን ካቴና አነሣ፣ በጉልበቱ ላይ ወደ ጎን አጣመመው፣ ጆሮው ላይ አድርጎ አንቀጫቀጨው።

«ይኼን። መጋጠሚያው በክሊፕ የሚያዝ አይሁን፤ ተቀጥቅጦ የሚታሰረውን ስጪን። የኋላው አሉሚኒየም ይሁን፣ የፊቱ ብረት። ትንሹ ብዙ ጊዜ ስለሚዞር ቶሎ ያልቃል» አለ። «የፊቱን በአንድ ጥርስ እናሳንሳለን፣ የኋላውን በሁለት እናበዛለን።»

«ምን ይጠቅመኛል?»

«ከኩርባ ስትወጪ እንደ ድንጋይ ትወነጨፊያለሽ። ቀጥታው መንገድ ላይ ግን የመጨረሻው ፍጥነትሽ ይቀንሳል። ሁሉን አይሰጥም።»

ይህን ሲነጋገሩ በሩ ላይ ሽቶ ሸተተ። ቄንጠኛው ነበር፤ አዲስ የቆዳ ጃኬት፣ በአንገቱ መነጽር። ወንድሟን ሲያይ ፊቱ በራ፤ የሚወደውን ሰው ያገኘ ነው የሚመስለው። «ሰባት! ምነው ጠፋህ? አሁንም ብረት እየሳልክ ነው?»

«አለሁ» አለ ወንድሟ።

ቄንጠኛው ጠረጴዛው ላይ ያለውን አየና የምላጭን ነገር ገመተ። «እሽቅድድሙ ላይ ትመጫለሽ የሚባለው እውነት ነው? የኔ እህት፣ እዚያ ዕቃ ማድረስ የለም እኮ!» ብሎ ባለሱቋን ጠቀሳት። እሷ አልሳቀችም። ለራሱ ወርቃማ ቀለም የተቀባውን ካቴና መረጠ፤ ክብደቱን ሳይጠይቅ፣ መጋጠሚያውን ሳያይ፣ ብርሃን ላይ አንሥቶ ብቻ ተመለከተው።

ምላጭ ጠጋ አለችው። ድምፅዋን አላነሣችም። «ካሸነፍኩህ በእናትህ ፊት፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ያን ቀን ኮርቻው ላይ ማን እንደነበር ትናገራለህ።»

የቄንጠኛው ፈገግታ ለቅጽበት ደረቀ። ዞር ብሎ ወንድሟን አየ። ወንድሟ ካቴናውን ያያል።

«ካሸነፍኩሽስ?»

«ዕድሜ ልኬን አፌን እዘጋለሁ።»

«ይኼማ ለከተማው ሁሉ ግልግል ነው» አለና እጁን ዘረጋ። ጨበጠችው። እጁ ለስላሳ ነበር፤ ዐሥሩም ጣቶቹ ደህና ናቸው።

ቶርኖ ቤት እንደተመለሱ ምላጭ የተገዛውን ጥርስ ከወንድሟ እጅ ቀማችው። «ይኼን አልፈልግም። የፊቱን ትልቅ፣ የኋላውን ትንሽ አድርግልኝ። ቀጥታው ላይ ነው ማለፍ የምፈልገው።»

«ለምን ቀጥታው ላይ?»

«ሰው ሁሉ የሚቆመው እዚያ ነዋ! አክስቴም እዚያ ነው የሚቀመጡት። በሚኮራበት ፍጥነት፣ እናቱ ዓይን ሥር ነው ጥዬው ማለፍ የምፈልገው። ኩርባ ውስጥ ማን ያየኛል?»

ወንድሟ የብረት ብናኙን ከእጁ አራገፈ። «ማሸነፍ ነው የምትፈልጊው ማዋረድ?»

«ሁለቱንም።»

«ሁለቱንም የሚያደርስ ጥርስ የለም።»

«አንተ ሠርተህ አታውቅማ!» አለችው። ወዲያው ጸጸታት፤ ምክንያቱም እጁን አየች። እሱ ግን ሳቅ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብሎ መጀመሪያ እሷ ያለችውን ገጠመላት። በእረፍት ቀናቸው ሞተሩን በወንድሟ ጭነት መኪና አድርገው ማኮብኮቢያው ላይ ሄደው ሞከሩት። ምላጭ ከኩርባው ወጥታ ጋዙን እስከ መጨረሻው ብትጠመዝዘው ሞተሩ እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ተነሣ። ፍጥነቱን አግኝቶ መብረር ሲጀምር መንገዱ አለቀ። የመጨረሻውን ማርሽ ለማስገባት እንኳ ቦታ አልበቃትም። ደጋግማ ሞከረች፤ በመጨረሻ መጥታ ሄልሜቷን አወለቀችና «ያንተን ግጠም» አለች፣ ሌላ ቦታ እያየች።

ገጠመ። ካቴናውን በልኩ ቆረጠ፣ ጫፎቹን አገናኝቶ ቀጠቀጠ፣ በሁለት ጣቱ ወደ ላይና ወደ ታች እየነካ ልልነቱን አስተካከለ። «ፍጥነት ቆጣሪውን እንዳታምኚው» አላት፤ «ጥርሱ ስለተቀየረ ከእውነቱ በላይ ያሳያል። እንደ አክስታችን ልጅ ነው፤ ያጋንናል።» በዚህኛው ስትሞክረው ከኩርባው ስትወጣ የፊት ጎማዋ ከመሬት ተነሣ። ልቧም አብሮ ተነሣ።

የእሽቅድድሙ ቀን ፀሐዩ የበረታ ነበር። ሰው በማኮብኮቢያው ዳር ተሰልፏል። አክስታቸው እንደ ወትሮው ለልጃቸው ውሃ ይዘው፣ ጥላ ዘርግተው ከፊት ተቀምጠዋል። ምላጭ ሄዳ ሳመቻቸው። «በሰላም ግቡ፤ ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ» አሏት። ይህ አባባል እንደ ጋሬጣ ወጋት፤ ግን አልተመለሰችም።

ሲለቀቁ ቄንጠኛው ቀደመ። ቀጥታው መንገድ ላይ ማንም አልደረሰበትም፤ ወርቃማው ካቴና በፀሐይ ብልጭ ድርግም እያለ ራቀ። ኩርባዎቹ ሲመጡ ግን ምላጭ ከኋላው ደረሰች። ስትጠጋው የጃኬቱን ስፌት ሁሉ ታያለች። አለፈችው። ቀጥታው ላይ ተመልሶ አለፋት፣ ሰውም ጮኸለት። በሚቀጥለው ዙርም እንዲሁ ሆነ፤ እሷ ማንም በማያያት ቦታ ትቀድማለች፣ እሱ ሰው ሁሉ በሚያይበት ይቀድማታል። የራሴን ጥርስ ባስገጥም ኖሮ ብላ ወንድሟን ረገመች።

በመጨረሻው ዙር ወደ መጨረሻው ኩርባ ጎን ለጎን ገቡ። ማብቂያው መስመር ከኩርባው ብዙ አይርቅም። ቄንጠኛው ወደ ውጭ ሰፋ፤ እሷ ከውስጥ በኩል ጋዙን ሰጠች። ቀላሉ ካቴና ተወጠረ፣ ሞተሩ እንደ ተቆጣ ውሻ ዘለለ። ቄንጠኛው ፍጥነቱን ሰብስቦ ሲደርስባት መስመሩ ከኋላቸው ቀርቶ ነበር። በግማሽ ጎማ ቀደመችው፤ ያውም አክስታቸው ፊት ለፊት።

ሰው ተሰበሰበ። ምላጭ ሞተሩን ሳታጠፋ ወረደች። «ቃልህን» አለችው።

ቄንጠኛው ላቡን እየጠረገ ሳቀ። «የምን ቃል? ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ይህች ልጅ ማሸነፍ አልበቃትም!» ሰውም አብሮት ሳቀ። እናቱ የውሃውን ጠርሙስ ሰጡት።

ምላጭ እንደሚክድ አላሰበችም ነበር። ዓመታት የተሸከመችው ነገር በሳቅ ሲያልፍ ስታይ ውስጧ ቀዘቀዘ። ወንድሟ ከቆመበት ከጭነት መኪናው አጠገብ ማቆሚያውን ጎትታ አመጣችና የኋላ ጎማውን ከመሬት አነሣችው። ጨርቅ ወረወረችለት። «እሺ፣ እንዲያ ከሆነ ይቅር። አቧራ በልቶታል፤ ካቴናዬን ብቻ ጥረግልኝ፤ ለአሸናፊ ይገባል።»

ቄንጠኛው ቸርነቱን ለማሳየት እየሳቀ ቁጢጥ አለ። ምላጭ ኮርቻው ላይ ወጣች። ፍሪሲዮኑን ጨበጠችና ማርሹን አስገባች። «ቀጭ» አለ።

የቄንጠኛው እጅ አየር ላይ ቆመ።

«ጥረግ እንጂ» አለችው።

«አጥፊው።»

«ለምን? ጨብጬዋለሁ፣ አይዞህ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ብድግ አለና ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ይህች እብድ ናት! ሞተሩ ተነሥቶ፣ ማርሽ ገብቶ፣ እሷ ላዩ ላይ ተቀምጣ እንዴት እጄን እሰጣለሁ? ድንገት ብትለቀው ጣት የሚባል ነገር ይተርፈኛል?»

ሳቁ ቆመ። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። አክስታቸው የልጃቸውን ፍርሃት ሲያዩ ያ የጣቶቹ አደጋ ትዝ አላቸው፤ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቀስ ብለው መጡ። ልጃቸውን አላዩትም፤ ወደ ምላጭ ወንድም ነው የሄዱት። የቀኝ እጁን ያዙት።

«ልጄ፣ አንተ ያን ቀን እጅህን ስትሰድ ላዩ ላይ ሰው ነበር?»

ወንድሟ መሬት መሬት አየ። ምላጭ እንደገና ዝም ይል ይሆን ብላ ፈራች።

«ነበር» አለ።

«እያየህ ታዲያ እንዴት ሰደድክ?»

«ስላመንኩት ነው፣ አክስቴ።»

አክስታቸው ጥላቸውን አጥፈው ወደ ወንድሟ ጭነት መኪና ሄዱ፣ በሩን ከፍተው ገብተው ተቀመጡ። ቄንጠኛው «እማ!» ብሎ ተከተላቸው። መስታወቱን ዘጉበት። ከተሰበሰበው ሰው አንዱ «ውይ፣ እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ» አለ፤ ሌላው ምራቁን ተፋ። ምላጭ ኮርቻው ላይ እንደተቀመጠች ሁሉንም አየች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ወንድሟ መጥቶ ቁልፉን እስኪያዞርና ሞተሩን እስኪያጠፋው ድረስ ግራ እጇ እንደተጨበጠ ነበር።

ማታውን፣ አክስታቸው በሟች እህታቸው አልጋ ላይ ከተኙ በኋላ፣ ወንድሟ ሞተሩን ከመኪናው ሲያወርድ «እጁን ቢሰድ ኖሮስ?» አላት።

«እለቀው ነበር» አለች።

ወንድሟ ሞተሩን ግድግዳው ላይ አስጠግቶ አቆመ። «እሱ እንኳ ሳያስብ ነው» አለ።

«እኔ አስቤበታለሁ፤ ልዩነታችን እሱ ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገሩም። አሸነፍኩ ብላ ስትመካበት የነበረው ሞተር አቧራ ለበሰ። እሷ አልነካችውም፣ እሱም አላጠበውም።

አክስታቸው ወደ ልጃቸው ቤት አልተመለሱም። ቄንጠኛው ስልክ ይደውላል፣ አያነሱም፤ ዕቃ ይልካል፣ ይመልሱታል። ጋራዡ ደጅ የሚቆሙት ሞተሮች እያነሱ መጡ። አንድ ቀን ምላጭ ዕቃ ለማድረስ ስትሄድ የትራፊክ መብራት ላይ ቆማ ሳለ አጠገቧ መጣ። ጃኬቱ ያው ነው፤ ጢሙ ግን አልተላጨም። «እባክሽ፣ እማን አናግሪልኝ» አላት።

«እኔን ምን አደረግከኝ? የበደልከውን አናግር» አለችው። እንደማይደፍር ታውቃለች። መብራቱ ሲለቅ ጥላው ሄደች፤ ደስታዋ ግን እስከሚቀጥለው መብራት እንኳ አልቆየም።

ደፈረ። በዚያው ሳምንት ምላጭ ቶርኖ ቤት ስትደርስ ቄንጠኛው በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። ወንድሟ ብረት እየጠረበ ነበር፤ ሰውየውን አይቶታል፣ ሥራውን ግን አላቋረጠም። ምላጭ በልቧ «አቁመው! እንዲህ ነው!» አለች። ብረቱ እየተፋጨ፣ ቅርፍቱ እየተጠቀለለ ሲወድቅ ቄንጠኛው አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ፤ አልሄደም፣ አልተጣራም። ወንድሟ ሥራውን ሲጨርስ ማሽኑን አጠፋ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ግባ» አለው። በእግሩም በርጩማ ገፋለት።

ምላጭ ይህን አይታ ደሟ ፈላ። ጮሃ ልትናገር አፏን ከፈተች። ወንድሟ ቀና ብሎ አያት፤ ያ ዓይኑ ምንም አልለመናትም፣ ምንም አላዘዛትም። ነገሩ የእሱ መሆኑን ብቻ ነው የነገራት። ያመጣችውን ዕቃ ደጃፉ ላይ አስቀመጠች፣ የሥራ ሞተሯን አስነሣችና ወደ መንገዱ ገባች። ይቅር አላለችም። ያልደረሰ ዕቃ ግን ብዙ ነበራት።